ከመጽሐፉ ራስጌና ግርጌ

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዶክተር መነን ኃይለማርያም፣
ኡፕሳላ

ዘመኑን በዘመን የተካ አምላክ አንቺንም አባትሽንም እንኳን በደህና አሻገራችሁ። ያስተማርሽው ይግባ፣ የጻፍሽው ይነበብ፣ ያነበበውም አይርሳሽ። እኔ አጎትሽ መዝገቡ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደረጃ ካልታዘዘ በቀር ደህና ነው።

ለኃይለማርያም እንዲህ ብሎሃል በይልኝ፦ በነቢዩ ራእይ ላይ የላክኸው ተቃውሞ ሚዛን አይደፋም፤ ምክንያቱንም በግንቦት ደብዳቤዬ ዘርዝሬ ጽፌልሃለሁ። መልስህን ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ዝም አልክ። ዝምታህ መሸነፍህ ከሆነ በጽሑፍ ይድረሰኝ።

ለአንቺ ደግሞ አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ስለ ግእዝ ትርጓሜ ያሳተመው አዲስ ጥናት አለ ሲሉ ሰምቻለሁና...

እዚህ ላይ አባባ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እኔ ሰብሊ ነኝ፣ የሀብትነሽ ልጅ። ለአባባ የልጅ ልጃቸው ነኝ፣ ለእርስዎ ምን እንደምሆን ግን እማዬ በጣቷ ስትቆጥር ጠፋባት። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ድሮ አባባ ደብዳቤ በእጃቸው ነበር የሚጽፉት። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ፕሪንት አድርጌ ሳመጣላቸው ፈርመው ፖስታ ውስጥ ያሽጉታል፣ እኔም ፖስታ ቤት እወስዳለሁ። ማለቴ፣ የምወስድ ይመስላቸዋል። በኢሜይል ነው የምልክልዎት። የቴምብሩ ብር የት እንደሚገባ አይጠይቁኝ።

እሳቸው ያልነገሩዎትን ልንገርዎት። ቤታችን ለልማት ሊነሳ ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መስቀል ፍላወር ሁለት ክፍል ተከራይተን እንገባለን። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። እኛስ እንገባለን። የማይገቡት መጻሕፍቱ ናቸው።

እኛ ቤት ግሪኮቹ ሳሎን ይቀመጣሉ። ጀርመኖቹ አልጋ ስር ናቸው። እንዲያውም አልጋውን ያቆሙት እነሱ ናቸው። ፈረንሳዮቹ ኮሪደር ላይ ስለተደረደሩ ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ ይደናቀፍባቸዋል። የብሉይ ኪዳን ጥናቶች ኩሽና ውስጥ ከሽንኩርቱ ጎን ናቸው፤ እማዬ "ሽሮዬ ራሱ ትርጓሜ ትርጓሜ አለኝ" ትላለች። አባባ ደግሞ ዝም ብለው አያነቡም፣ ከደራሲው ጋር ይጣላሉ። "ስማ አንተ ሰውዬ! ይህን ማን ነገረህ?" እያሉ ይጮሃሉ። ጎረቤታችን እትዬ ነፊሳ አዲስ የገባች ሰሞን እንግዳ የመጣብን መስሏት ሳምቡሳ ይዛ ትመጣ ነበር። እኛም ቶሎ አልነገርናትም።

የእኔ ጥያቄ አጭር ነው፦ አንድ የጆሮ ማዳመጫ። ፈላስፎች ሲሰደቡ እየሰማሁ ፊዚክስ ማጥናት አልቻልኩም።

አክባሪዎ፣
ሰብሊ (የአባባ ፊርማ ሲነቁ)


ኡፕሳላ
ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ መዝገቡ፣ ለእህቴ ለሀብትነሽ፣ ለጸሐፊዋ ለሰብሊ፣

ቤታችሁን ሰላም ያድርገው፤ የምትገቡበትንም አስቀድሞ ይባርከው። ሥራ በዝቶብኝ መልሴ ዘገየ። እዚህ ቅጠሉ ረግፏል፣ ፀሐይም የምትወጣው እየታዘበችን ነው።

ጋሼ፣ ያሉኝን ጥናት ገዝቼ በፖስታ ልኬያለሁ። ገለጥ ገለጥ አድርጌው ነበርና አይወዱትም። ለመጣላት ግን ይመችዎታል።

ሰብሊ፣ "ዶክተር" የሚለውን ለተማሪዎቼ ተዪላቸው። የጆሮ ማዳመጫሽ ከመጽሐፉ ጋር ይመጣል። መጻሕፍቱ ምን ሊሆኑ ነው? እናትሽን ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ያን ቤት ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ። ያኔ ግሪኮቹ ኩሽና ነበሩ።

መነን


ካዛንቺስ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ መነን፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከማትስ በስተቀር።

መጀመሪያ ልናዘዝ። ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፣ ሰሙና "የኃይለማርያምስ?" አሉኝ። አየሁ፣ የለም። ገለበጥኩት፣ የለም። ረስተውት ነው ብዬ "ጋሽ ኃይለማርያም ሰላም ብለዋል ይላል" አልኳቸው። "ሰላም ብሏል?" አሉ። "አዎ፣ በጣም ሰላም ብለዋል።" ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛ እንዳያስዋሹኝ።

የመጻሕፍቱ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ኮሌጅ በስጦታ ልውሰዳቸው ብሏል። እማዬ ሁለቱን ክፍል በሜትር ስትለካ ሰንብታ አባባን "ወይ የእኔ ቡፌ ወይ የእርስዎ ጀርመኖች!" አለቻቸው። ቡፌዋን ያስታውሱታል? ባለመስታወቱ፣ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች የሚኖሩበት። አባባም "እኔ እያነበብኩ መጽሐፌ ከቤት አይወጣም" አሉ። እማዬ ሰው አክባሪ ናት፣ "እሺ፣ እያነበቡ ከሆነስ ይሁን" ብላ ተሸነፈች።

አሁን የሚያስቀውን ልንገርዎት። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ አንድ የግእዝ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። መጽሐፉ ግን ተዘቅዝቋል! አናቱ ወደ ማዶ መሆን ሲገባው ወደ እሳቸው ሆኗል። ጣታቸው ግን መስመሩን ይከተላል፣ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል።

"አባባ፣ ምን ይላል?" አልኳቸው።

"አንቺስ ምን የሚል ይመስልሻል?" አሉኝ። መምህር አይደሉ? ስንት ዓመት ፍልስፍና አስተምረው ጡረታ ወጥተውም ጥያቄን በጥያቄ ነው የሚመልሱት።

ስቄ ልሞት! ፎቶ አንስቼ ለእማዬ አሳየኋት። እሷ አልሳቀችም። ፎቶውን ብዙ አየችውና "ለካ አያነቡም" አለች። ሐኪም ቤት እንውሰድዎት ብትላቸው "ሐኪሙ ካማረው ይምጣና እናንብብ" አሉ።

እኔ እኮ ለቀልድ ነበር።

ሰብሊ


ኡፕሳላ
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሰብሊ፣

ጤናና ትዕግሥት ይስጥሽ። ሰላምታውን ስለ ጨመርሽ አልቆጣሽም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሳትስቂ መልሺልኝ። ጋሼ መጽሐፉን ሲዘቀዝቁት ከጠረጴዛው ማዶ ምን አለ? ሰው ይቀመጣል? እናትሽን አትቸኩል በያት።

ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

መነን


ካዛንቺስ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ መነን፣

ደህና ነዎት ግን? ደብዳቤዎ ከቴክስት አጠረብኝ።

ማዶ ያለው ባዶ ወንበር ነው። አባባ ራሳቸው ናቸው ጎትተው የሚያስቀምጡት፣ ሰው እንደሚመጣ። እኔ ልቀመጥበት ስል "ተይው፣ የሰው ነው" አሉኝ። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ፎቶውም በዝቶባታል።

እማዬ ካርቶን እየገዛች ነው። ለአባባ በቀስታ፣ እንደ ሕፃን እያባበለች፣ ኮሌጁ መጻሕፍቱን እንደሚወስድ ነገረቻቸው። ይጮሃሉ ብዬ ጆሮዬን ይዤ ነበር። አልጮሁም። "ግማሹ የኃይለማርያም ነው" ብቻ አሉ። "ድሮ አብረን ነው የገዛናቸው። የትኛው የማን እንደሆነ ተካፍለን አናውቅም። እሱ ይውሰዱ ሳይል አንዲት ቅጠል አትነቃነቅም።"

እማዬም "እውነታቸውን ነው፣ ጋሽ ኃይለማርያም ይጠየቁ" አለች። መኪናው ታኅሣሥ 10 ይመጣል።

ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ የጠየቅኩት ልጅ አሁን ሌላ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ጋሽ ኃይለማርያም አንድ የድምፅ መልእክት ይላኩልን። "ፈቅጃለሁ" ይበሉ፣ ይለቅ። ወይም ደግሞ፣ ይህ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር፣ "አልፈቅድም" ይበሉ። በደንብ ተቆጥተው ይበሉት። እማዬ የሽማግሌ ቁጣ ትፈራለች።

ያን ፎቶ ባላነሳው ይሻለኝ ነበር።

ሰብሊ


ካዛንቺስ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ መነን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልስ ጠብቄ አጣሁ። ኢሜይሉ አልደረሰም ይሆን ብዬ ይህን ደግሜ ላክሁ።

ጥናቱም የጆሮ ማዳመጫውም ደርሰዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ማዳመጫው አላስፈለገኝም። አባባ መጣላት አቁመዋል። የላኩላቸውን መጽሐፍ ገልጠው፣ "ስማ አንተ" ብለው ይጀምሩና ይተዉታል። ግሪኮቹ ካርቶን ገብተዋል፣ ጀርመኖቹ ስለወጡ አልጋው ዘሟል። ትናንት እትዬ ነፊሳ በሩ ላይ ቆማ "ምነው፣ እንግዶቹ ሄዱ እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

እባክዎ አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ሰላምታ መፍጠር አልችልበትም።

ሰብሊ


ኡፕሳላ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሰብሊ፣

ምርቃቱን ለሌላ ቀን ላቆየው። አባቴ ነሐሴ ላይ አርፏል። እዚሁ ቀበርኩት።

ለጋሼ መዝገቡ መጻፍ አቃተኝ። መርዶ በወረቀት አይላክም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚነገረው። ይህን የማደርገው እኔ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ። ጋሼ መልስ ሲጠብቁ፣ አንቺ በአባቴ ስም ሰላምታ ስትጨምሪ፣ እኔ ስለ አየር ጸባይ ጻፍኩ። የድምፅ መልእክት ስትጠይቂኝ ያለኝን የአባቴን ድምፅ ከፍቼ ሰማሁት። "መነን፣ መነጽሬን አየሽው?" ይላል። ሌላ የለኝም።

አሁን ስለ ተዘቀዘቀው መጽሐፍ ልንገርሽ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ብራና ሳገላብጥ ነው፤ ይህን ግን ያስተማረኝ አባቴ ነው። እሱና ጋሼ ጎጃም ንባብ ቤት ሳሉ ተማሪው ብዙ፣ መጽሐፉ አንድ ነበር። መሬት ላይ ዘርግተውት ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ቀድሞ የመጣ ከግርጌ ይቀመጥና ፊደሉን በወጉ ያያል። ቀጥሎ የመጡት ግራና ቀኝ ሆነው ፊደሉን እንደ ተጋደመ ያነባሉ። ከሁሉ ያረፈደው ከራስጌ ይቀመጣል፣ ፊደሉ ሁሉ ለእሱ ተዘቅዝቋል። አባቴ ሁልጊዜ ከግርጌ ነበር። ጋሼ ሁልጊዜ ያረፍዱ ነበር።

ስለዚህ ማንበብ የተማሩት ከራስጌ ሆነው ነው። ዓይናቸውም ልባቸውም ደህና ነው። የልጅነት ቦታቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠው ነው እንጂ። ለምን አሁን እንደሆነ ግን መጠየቅ እፈራለሁ።

ይህን ለእናትሽ አንብቢላት። ለገና እመጣለሁ፣ ቲኬት ቆርጫለሁ። እስከዚያ ስለ አባቴ ለጋሼ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። አደራ።

መነን


ካዛንቺስ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

መነንዬ፣

እግዚአብሔር ያጥናሽ። አባትሽን በነፍስ ይማርልሽ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ልልሽ ነው፣ ከአባባ ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ ምክንያቱን ታገኚዋለሽ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ይቅር በይኝ። በየጠዋቱ "ሰዓት የማያከብር አእምሮ ሐሳብ አያከብርም" እያሉ ትምህርት ቤት የሚሸኙኝ ሰውዬ ለካ የንባብ ቤቱ አርፋጅ ነበሩ! ከዚያ ኩሽና ገብቼ ሽንኩርቱ ባለበት አለቀስኩ፣ እማዬ እንዳትጠይቀኝ።

ከዚያ ለእማዬ አነበብኩላት። ለጋሽ ኃይለማርያም ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የመጽሐፉን ነገር ግን አላመነችም። ተነስታ አንድ ካርቶን ቀደደች፣ መጀመሪያ እጇ የገባውን የግእዝ መጽሐፍ አወጣች፣ ሄዳ አባባ ፊት ዘቅዝቃ ዘረጋችው።

"እስኪ ያንብቡልኝ አባዬ።"

"ከየት?"

"ከፈለጉበት።"

አነበቡ። እኔ በወጉ ይዤው እንኳን እንደዚያ አላነብም። ገጹን ጨረሱ፣ ገለጡ፣ ቀጠሉ። መሐል ላይ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ ተክለው "ስማ አንተ ሰውዬ! ይህን ማን ነገረህ?" ብለው ጮሁ። ከግድግዳው ማዶ እትዬ ነፊሳ "አልሐምዱሊላህ!" ስትል ሰማናት።

እማዬ ካርቶኑ ላይ ዘፍ ብላ "ለምን አልነገሩንም?" አለቻቸው።

"ማን ጠየቀኝ? ይህቺ ልጅ 'ምን ይላል?' አለችኝ እንጂ 'እንዴት ያነቡታል?' አላለችኝም። ጥያቄ መጠየቅ መቼ ነው የምትማሩት?"

እማዬ ወደ ሥራ ስትሄድ እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን። መነንዬ፣ አደራሽን ጠብቄያለሁ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያውም በደንብ አስቤ፦

"አባባ፣ ወንበሩን ለምን አሁን አመጡት? በፊት እኮ እዚያ አልነበረም።"

"ኃይለማርያም በሕይወት ሳለ የራሱ ወንበር ነበረው" አሉኝ። "አሁን የት ይቀመጥ?"

"ማን ነገርዎት?"

"አንቺ ነሻ።"

"እኔ? ኧረ በማርያም! መቼ?"

"'ሰላም ብለዋል' ያልሽኝ ቀን። ኃይለማርያም በሕይወቱ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። 'መዝገቡ ተሳስቷል' ነው የሚለኝ። በየደብዳቤው አንድ ጥያቄ፣ አንድ ተቃውሞ ይልካል፣ እኔም አንድ እልካለሁ። ሰላም ካለኝ፣ ኃይለማርያም የለም ማለት ነው።"

"ታዲያ ፈቃዱን አምጡ ያሉትስ?"

ሳቁ። "እሱ አይመልስ። ካልመለሰ መጻሕፍቱ አይሄዱ። ቢያንስ ጊዜ ይገዛልኛል ብዬ ነው። በሕይወት ሳለ እንደ ልማዱ ደብዳቤ ሲያዘገይብኝ እናደድ ነበር፣ አሁን ይኸው ጠቀመኝ።" ሳቁ መሐል ላይ ቆመባቸው። እጃቸውን ያዝኩ።

ልትመጪ መሆኑን ያኔ ነገርኳቸው፣ ይኼ አደራው ውስጥ አልነበረም። "ስለሚያውቁ እንግዲህ መርዶ መባሉ ይቅር?" ብላቸው ተቆጡኝ።

"ማወቅና ማልቀስ አንድ ነው ያለሽ ማን ነው? አውቄዋለሁ እንጂ አላለቀስኩትም። ብቻዬን ልጅ ፊት እንዴት አለቅሳለሁ? ትምጣና በወጉ ታርዳኝ። መርዶዬን እንዳትቀሙኝ።"

ስለዚህ እንዲህ ተስማምተናል። ስትመጪ ጎሕ ሳይቀድ አዲሱን ቤት ታንኳኪያለሽ። አባባ ምንም እንደማያውቁ ይሆናሉ። አንቺም እንደማያውቁ ሁኚ። ለእማዬም ነግሬያታለሁ፣ ታስመስላለች፣ እትዬ ነፊሳም ቤቷ ሲነሳ ከምትገባበት ከልጇ ከካሚላ ቤት ትመጣለች፣ እኔም ተዋናይ ነኝ። ከዚያ ሁላችንም የምራችንን እናለቅሳለን።

የመጻሕፍቱን ደግሞ ስሚ። መኪናው ከነገ ወዲያ ሲመጣ ፈረንሳዮቹን ብቻ ይወስዳል። የመረጡት አባባ ራሳቸው ናቸው። "ከእነዚህ ጋር ክርክሬን ጨርሻለሁ" አሉ፣ ግን እያንዳንዱን ካርቶን ሳይታሸግ ዳበሱት። የቀሩት አብረውን አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ። የት እንደሚገቡ ታውቂያለሽ? ቡፌው ውስጥ! እማዬ ብርጭቆዎቿን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ከተተቻቸውና "እነዚህ አልጋ ስር ይግቡ፣ እንግዳ ሲመጣ ይወጣሉ" አለች። ለልኩ ደርድረን አየናቸው፣ ግሪኮቹ መስታወት ውስጥ ተኮፍሰው ሲታዩ በጣም ያምርባቸዋል። የብሉይ ኪዳኖቹ እዚያ የእኔን ግድግዳ ይወስዳሉ። ፈላስፎች አልጋዬ ራስጌ ሲሰደቡ ልተኛ ነው፣ የጆሮ ማዳመጫሽ እንኳን ደረሰልኝ።

አንቺ የምልሽ ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽም። ፈቃድ ስጠይቃቸው አባባ "በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ የተቀመጡ አንቱ አይባባሉም" አሉ። ትናንት ወንበሩን በእጃቸው ገፋ አድርገውልኝ "እሷ እስክትመጣ ተቀመጪበት" አሉኝ። ከግርጌ ተቀመጥኩ። እሳቸው ከራስጌ ሆነው ያነባሉ፣ እኔ ከታች እከተላለሁ፣ ጣቶቻችን መስመሩ ላይ ይገናኛሉ። ግእዙ ብዙም አይገባኝም። ግን ፊደሉ ለእኔ በወጉ ነው የሚታየኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ከአባባ ቀድሜ የሆነ ቦታ ደርሻለሁ።

የአባትሽ ቦታ እስክትመጪ አይቀዘቅዝም። አባባ ደግሞ ጥብቅ መልእክት አላቸው፦ ሰላምታ ይዘሽ እንዳትመጪ። ጥያቄ ይዘሽ ነይ።

ሰብሊ